የኑራ ተጠሪ

ባለፈው ሳምንት ዝናብ በድንገት ሲወርድብኝ አንድ ፍራሽ ሰፊ ደጃፍ ተጠለልኩ። ሰውየው የፍራሽ ሣሩን ደጅ አስጥቶት ኖሮ ሳያነሣው በሰበሰ። ያ የራሰ ሣር ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ እመኑኝ፣ የቆምኩት አዲስ አበባ ነው፤ ልቤ ግን ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ገብታ ቁጭ አለች። እዚያ ያልኖረ ሰው የራሰ ሣርና ካርቱምን ምን አገናኛቸው ይል ይሆናል። በየመስኮቱ የሚለጠፍ ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን አለ፤ መከየፍ ይሉታል። ጎንና ጎኑ ሣር ይጠቀጠቅበታል፣ ሣሩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ውስጥ ያለው ማራገቢያ በዚያ ሣር በኩል አየር እየሳበ ወደ ቤት ይነፋል። ያቺ እርጥብ ነፋስ ባትኖር ኖሮ እኛም አንኖርም ነበር። ፍራሽ ሰፊው «አባባ፣ ወደ ውስጥ ግቡ እንጂ፣ ይበርድዎታል» ቢለኝ ዕንባዬ ቀደመኝ። ለምን እንደመጣ ልንገራችሁ። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ያኔ ጸጉሬ ገና ጥቁር ነበር። ቡሪ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከአንድ ፉል ቤት ጎን፣ የአበሾች መረዳጃ ማኅበራችን አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ገንዘቡ ዲናር ሆኖ ሰዉ ግን አሁንም በፓውንድ የሚቆጥርበት ዘመን ነው። ዳቦ ገዝተህ «ስንት ነው?» ስትል ባለሱቁ በአሥር አባዝቶ ይነግርህና ክው ትላለህ፤ ከዚያ ትስቃለህ፤ ከዚያ አንድ ዜሮ ቀንሰህ ትከፍላለህ። አንድ ሳህን ፉል፣ የሰሊጥ ዘይት ፈስሶበት፣ አይብ ተፈርፍሮበት፣ ሁለት ሰው አጥግቦ ይተርፍ ነበር። ዛሬ እኔ ሰፈር ፉል ሲያቀርቡልኝ ባቄላውን ልቆጥረው እችላለሁ! መንገድ ዳር ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች ስኳሩን ሳይጠይቁ ግማሽ ብርጭቆ ይሞሉልሃል። እኛ ወንዶቹ ካዊያ ስለሌለን ሱሪያችንን ፍራሽ ሥር አስተኝተን ነበር የምናድረው፤ ጠዋት ሲወጣ ስለት ነው። ሴቶቻችን ቶብ ለብሰው፣ ያንን ስስ ረጅም ጨርቅ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከሱዳኗ አይለዩም። ዴም የሚባለው ሰፈር ከሄድክ የካሴት ቤቶቹ የአገርህን ዘፈን እስከ ጥግ ለቀውት፣ አውቶቡስ ጠባቂው ሁሉ አንገቱን ሲነቀንቅ ታያለህ። ደግ ዘመን ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ወጣት ነበርን።

እኔ ስታትስቲክስ ተምሬ ነው የተሰደድኩት። ካርቱም ግን ለቁጥር ሰው ቦታ ስላልነበራት መጀመሪያ ቀለም ቀባሁ፣ ኋላ አንድ ነጋዴ ዘንድ ዕቃ መዘገብኩ፣ ከዚያ ኮምፒውተር የሚባለው ነገር ሲመጣ ራሴን አስተማርኩና ባለሙያ ተባልኩ። ማኅበሩ ውስጥ እኔን የመሰሉ፣ አገር ቤት በፓርቲ ጣጣ ተፈልገው ያመለጡ፣ የተማሩ ነን የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ከኛ ይልቅ ብዙዎቹ አባላት ግን ከወሎ የመጡ፣ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ናቸው። እነሱ ላይ አንድ ችግር ነበር። እያንዳንዷ ሦስት ስም አላት፤ ፓስፖርቷ ላይ ያለው የደላላ ስም፣ እመቤቷ የምትጠራት ስም፣ እናቷ ያወጣችላት ስም። አንዷ ብትታመም ወይ ብትታሰር ማን እንደሆነች፣ ዘመዷ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ማኅበሩ መዝገብ ይኑረን አለ።

አሁን የኛን ሰዎች ጉድ ስሙ። መዝገብ ይኑር ተባለ፣ ግን በወረቀት አይሆንም ተባለ! ወረቀት የሱዳን ደኅንነት እጅ ይገባል፣ ወረቀት የአገር ቤት ሰላይ ይሰርቃል። ብርሃኔ የሚባል ጓደኛችን፣ በጣም ብልህ ልጅ፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈልን። ሴቶቹን አንድ በአንድ በር ዘግቶ ራሱ መዘገበ፤ የሥራ ስም፣ የእናት ቤት ስም፣ አገር፣ ተጠሪ። መዝገቡ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ ፕሮግራሙ ካልከፈተው በቀር የድመት ጭረት ነው የሚመስለው። ብርሃኔ ኋላ ዕድሉ ቀንቶት አውስትራሊያ ሄደ። እኛ መዝገባችንን ይዘን ቀረን። ከዚያ አንድ ቀን መከየፉ ውሃውን ኮምፒውተሩ ላይ አንጠባጠበና ማሽኑ እስከ ወዲያኛው አሸለበ። የመዝገቡ ቅጂና የፕሮግራሙ ጽሑፍ በፍሎፒ ዲስክ ስለነበሩን አልደነገጥኩም። አዲስ ማሽን ላይ እንደገና እሠራዋለሁ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብዬ ወራት ዝም አልኩ።

አንድ እሑድ ጠዋት ዛህራ መጣች። ዛህራ ቡሪ ውስጥ አንድ ሐጅ ቤት የምትሠራ፣ ምላሷ ሹል፣ ልቧ ማር የሆነች ልጅ ናት። ያን ቀን ግን ሰላምታውንም አላሟላችም።

«ጋሽ ይመር፣ ኑራን ታውቃታለህ?»

«የትኛዋን ኑራ? ካርቱም በኑራ ተሞልታ!»

«ቀጭኗን። አርብ አርብ ከኛ ጋር የምታሳልፈዋን። እግሯን ምስማር ወግቷት እመቤቷ ሥራ አላስፈታም ብላ ቆየች። አሁን ሶባ በኩል ሆስፒታል ጥለዋት ሄዱ። እግሯ ጠቁሯል። ሐኪሙ ካልተቆረጠ መርዙ ልቧ ይገባል ይላል።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃል?»

«ዘመድ ይፈርም አለ። እሷ በትኩሳት ራሷን አታውቅም። እኔ ልፈርም ብል ወንድ ዘመድ ይምጣ አሉኝ። ወንድም አላት እኮ፣ ጋሽ ይመር! ‹ወንድሜ እዚሁ ካርቱም ነው፣ ማኅበሩ ዘንድ አስመዝግቤዋለሁ› ትል ነበር። ስሙን ግን ነግራን አታውቅም። እባክህ መዝገቡን ክፈትልኝ።»

ፊቴ እንደጋለ አስታውሳለሁ። መዝገቡ አይከፈትም፤ ፕሮግራሙን ገና አልሠራሁትም። «እስከ ማታ አደርሰዋለሁ፣ ኢንሻላህ» አልኳት። ዛህራ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ካልሆነ አንተ ወንድሟ ነኝ ብለህ ፈርምላት።»

«እግር እኮ ነው፣ ዛህራ! ጥፍር አይደለም! ነገ ወንድሟ መጥቶ የእህቴን እግር ማን አስቆረጠ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? በውሸት አልፈርምም።»

ሕጋዊ ሰው መሆኔ ነው። ዛህራም አልተከራከረችኝም፤ የተማረ ሰው የተናገረው ልክ ይሆናል ብላ መሰለኝ።

የሆነውን እንድትረዱት አንድ ነገር ላስረዳ። ፕሮግራም እንደ ልብስ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚሠራ። ኮምፓይለር የሚባለው እያንዳንዱን ቁራጭ ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ ያዘጋጃል፤ ሊንከር የሚባለው ደግሞ እጅጌውን ከደረቱ፣ ኮሌታውን ከአንገቱ ይገጥማል። ሁሉንም ቁራጭ ራስህ አትሠራም። ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡት ክምችት አለ፣ ላይብረሪ ይባላል፤ ሊንከሩ የጎደለውን ከዚያ ያመጣል። ያላገኘ እንደሆነ ግን ስሙን ጠርቶ ቀጥ ይላል። ያን እሑድ ኮምፓይለሩ ምንም ሳይል አለፈልኝ፤ ደስ ብሎኝ ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ ሳይመጣ ሊንከሩ አርባ መስመር ስሕተት ዘረገፈብኝ።

መጀመሪያ «ላይብረሪውን አላገኘሁትም» አለ። ዲስኩ ላይ አለ እኮ! በዓይኔ እያየሁት! ለካ እኔ ባስቀመጥኩበት ማኅደር ውስጥ አይፈልግም፤ እዚያ ፈልግ ብለህ ካልጠቆምከው ደጃፍ ላይ ቆሞ የለም ይልሃል። ጠቆምኩት። አርባው ወደ ሃያ ወረደ። ከዚያ ደግሞ ተራ ነው አለኝ፤ ቁራጭ የሚጠይቀው ቀድሞ፣ ቁራጭ የሚሰጠው ከኋላ መሰለፍ አለባቸው፣ ሊንከሩ ያለፈውን ዞሮ አያይም። ላይብረሪዎቹን ሳገላብጥ፣ ሳስቀድም፣ ሳስከትል ሰኞ ረፈደ። ሃያው አራት ሆነ። የፊደላችን ላይብረሪ የቆየ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ አዲሱን በሲዲ ከገበያ አስመጥቼ ተካሁት። አራቱ አንድ ሆነ። አንዱ ግን ድንጋይ ነው። «ቁልፍ ፍታ» የሚል ስም ያለው ቁራጭ ተጠርቷል፤ ባለቤቱ የለም።

ያለኝን ላይብረሪ በሙሉ ሆዱን ከፍቼ የያዘውን ስም አንድ በአንድ አነበብኩ። የለም። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ሳስስ አንድ ተስፋ ያለው ገጽ አገኘሁና ልቤ ዘለለ፤ ላወርደው ስጫን ካላችሁበት አገር ማውረድ አይፈቀድም አለኝ። ማዕቀብ ነው። ሱዳን ከዓለም ጋር የተጣላችው ለኑራ እግር ነው እንዴ? ጎኔ የተቀመጠው ሱዳናዊ ፊቴን አይቶ «ማሌሽ፣ ያ ዘውል» አለኝ፤ አይዞህ ወዳጄ ማለቱ ነው። በዚያ ላይ ሃቡብ፣ ያ ቀይ የአቧራ ማዕበል፣ ተነሥቶ መብራት ይዞብን ይሄዳል። በቀን ብርሃን በጨለመ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አፌ ውስጥ አሸዋ እያኘክሁ ስጠብቅ፣ ሞኝነቴ ለራሴ ይሰማኝ ነበር። አርባውን አንድ ያደረገ ሰው አንዷን እንዴት ያቅተዋል? አቃተኝ ግን። ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ዛህራ ከሥራ እያመለጠች በየቀኑ ትመጣለች። ሶባ በሚኒባስ ደርሶ መልስ ወገብ ይቆርጣል፤ እሷ ግን ሄዳ፣ አይታ፣ መጥታ ትነግረኛለች።

«ጥቁረቱ ጉልበቷን አለፈ፣ ጋሽ ይመር።»

«አንድ ብቻ ነው የቀረኝ። አንድ!»

«ለምን መጥተህ አታያትም?»

«ባዶ እጄን መጥቼ ምን እላታለሁ? ወንድሟን ይዤ ነው የምመጣ።»

ማክሰኞ ሰው ሁሉ ‹ብርሃኔን ጠይቀው› ያለኝን ምክር ሰማሁና ኩራቴን ውጬ ስልክ ቤት ገብቼ ለብርሃኔ አውስትራሊያ ደወልኩ። አስቀድሞ ያልደወልኩት የሱን ሥራ መገጣጠም አቃተኝ ማለት ሞት ስለመሰለኝ ነው። ችግሩን ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

«ሊንከሩ አልተሳሳተም፣ ይመር። እኔ ነኝ ሆን ብዬ ያጎደልኩት።»

«ምን አልክ?»

«ቁልፉን የሚፈታውን ቁራጭ ለብቻ ላይብረሪ አድርጌ ለገብሬ ነው የሰጠሁት። ሁሉም ነገር አንድ ሰው እጅ እንዳይሆን። ታውቀው የለ፣ ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደምንሠራ።»

«አሮጌው ማሽን ላይ እንዴት ይሠራ ነበር ታዲያ?»

«ገጣጥሜ ነበራ የጫንኩላችሁ! ኑራ የምትላትንም አላስታውሳትም፤ ስንቷን መዝግቤ። ገብሬ ጋ ሂድ።»

ሕዋስ! አገር ቤት አንዱ ሲያዝ ሌላውን እንዳያስይዝ ማንም ሙሉውን አያውቅም ነበር። ያ ሥርዓት ካለፈ፣ ፓርቲውም ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! እኛ ግን ካርቱም ድረስ ይዘነው መጥተን የምስኪን ሴቶች ስም ላይ ተከልነው። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የማሽን ስሕተት ስፈልግ የነበረው የሰው ሥራ ኖሯል።

ገብሬ ደግሞ ሌላ አገር አልነበረም፤ ጀሪፍ ነው ያለው፣ ከቡሪ ቅርብ። የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ፣ ያኔ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ታክሲ ነጂ። ከሱ ጋር ግን አሥራ አንድ ዓመት ሰላም አልተባባልንም። ፓርቲያችን ለሁለት ሲሰነጠቅ እሱ በዚያ እኔ በዚህ ሆንን፣ አለቀ። መንገድ ላይ ስንተያይ አንዳችን እንሻገራለን። ረቡዕ ልሄድ ተነሣሁ። ጫማዬን አሠርኩ። ፈታሁት። በሊንከሩ ዙሪያ ሌላ መንገድ ይኖራል ብዬ ተመልሼ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። እንደማይኖር አውቃለሁ። ዛሬ ስለዚያች ረቡዕ ሳስብ ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ገብሬ ደጃፉ ላይ መኪናውን እያጠበ ነበር። ሲያየኝ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

«ይመር! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ገና ነው» አልኩት።

አሥራ አንድ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣም። ስለ ኑራ ብቻ ነገርኩት። ወዲያው ገብቶ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ፍሎፒ ነበር። «ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ያዝ አለኝ፣ ያዝኩ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ቀድመህ ብትመጣ እሰጥህ ነበር እኮ» አለኝ። ያን ዕለት ቡሪ መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ አመሸም። ለጠዋት ተቀጣጠርን።

አርብ ጠዋት ገብሬ ራሱ መጣ። ፍሎፒው በዚያ ሙቀት ስንት ክረምት እንዳለፈበት እንጃ፣ ማሽኑ ሊያነበው ሲሞክር እንደ ወፍጮ ይንኳኳል፤ ከዚያ አይነበብም ይላል። አወጣነው፣ ጠረግነው፣ መለስነው። ስንቴ እንደሞከርነው አላውቅም። ገብሬ ከኋላዬ ቆሞ «በለው! በለው!» ይላል፣ በሬ የሚነዳ ይመስል። አዛኑ ተሰማ፣ ሰዉ ወደ ጁምዓ ሄደ፣ ከጁምዓ ተመለሰ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው አንዴ ሳይንኳኳ ቀጥ ብሎ ያነበበው። ላይብረሪውን ከመጨረሻ አሰለፍኩት።

ይህን እያደረግሁ ዛህራ ገባች። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠች፤ የቶቧ ጫፍ አፈር ይዞ ነበር። ዞሬ እንኳ በደንብ አላየኋትም።

«ዛህራ፣ አንዲት ደቂቃ! ሊሆን ነው!»

«እሺ፣ ጋሽ ይመር» አለች።

ሊንከር ሲሳካለት ምንም አይልም፤ ዝም ነው የሚለው። ያ ዝምታ እንዴት እንደሚጣፍጥ! ገብሬን አቅፌ ሳምኩት፣ አሥራ አንድ ዓመቱን ሁሉ። ፕሮግራሙን አስነሣሁ፣ ኑራ ብዬ ጻፍኩ፤ ከችኮላዬ ብዛት ሁለቴ ተሳሳትኩ። ሦስት ኑራዎች መጡ፤ ሁለቱ ወንድም የላቸውም። ሦስተኛዋን ስከፍት መነጽሬ በላብ ተሸፍኖ ነበርና ገብሬ ነው ጎንበስ ብሎ ጮክ እያለ ያነበበው።

«የሥራ ስም፣ ኑራ። የእናት ቤት ስም፣ ተዋበች ሰይድ። አገር፣ ወሎ። ተጠሪ፣ ወንድም...» አለና ቆመ።

«ስሙን! ስሙን በል እንጂ!»

«ይመር አሊ። ቡሪ፣ የማኅበሩ ቢሮ።»

ሌላ ይመር አሊ ማኅበሩ ውስጥ የለም። መጀመሪያ ስሕተት ነው አልኩ፤ ከዚያ መጣልኝ። ከሻ በሚሉት አፈሳ ሴቶቻችንን ከየመንገዱ ለቅመው ሲያስሩ፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለን ወንዶች ፖሊስ ጣቢያ እየሄድን «እህቴ ናት» እያልን እናስወጣቸው ነበር። ሁላችንም እናደርገው ነበር። ኃጢአትም አይመስለን። አንድ ጊዜ አንዲት ቀጭን ልጅ ከጣቢያ በር ድረስ አውጥቼ አውቶቡስ አሳፍሬያታለሁ። መኮንኑ «እውነት እህትህ ናት?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ወላሂ፣ የእናቴ ልጅ ናት» ብዬለታለሁ። እኔ አውቶቡሱ ሳይርቅ ረሳሁት። እሷ ሄዳ አስመዝግባው ኖሯል።

ዘልዬ ተነሣሁ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «ያላ፣ ገብሬ! መኪናህን አስነሣ! እኔ ነኝ! ዛህራ፣ እኔ ነኝ ወንድሟ፣ እኔ እፈርማለሁ!»

ገብሬ ቁልፉን አውጥቶ ወደ በሩ ሮጠ። ዛህራ ግን አልተነሣችም።

«ጋሽ ይመር፣ ቁጭ በል» አለችኝ።

አልተቀመጥኩም። ኑራ ጎሕ ሲቀድ ነው ያረፈችው፤ ከጁምዓ በኋላ ቀብረዋት፣ ዛህራ ከዚያው ነበር ቀጥታ ወደ እኔ የመጣችው። ደክሞኝ እያየች፣ ደስ ብሎኝ እያየች፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ገብሬ በሩ ላይ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። ዛህራ ተነሥታ ቶቧን አስተካከለች፣ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመችና እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«እህትህን አላህ ይማርልህ» አለችኝ።